የመሃሉ ቁጥር ለምን ለሁለት ይከፈላል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ኳድራቲክ እኩልታን ካሬ በማሟላት ፍቱ የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ደብተሯ ላይ የተጻፈው ‹የመሃሉን ቁጥር ለሁለት አካፍሉ፣ የተገኘውን በራሱ አባዙ፣ በሁለቱም በኩል ደምሩ› ይላል። ለምን ለሁለት እንደሚካፈል ብጠይቃት አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ፎርሙላው እያለስ ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን አስፈለገ? አንዱን ጥያቄ ደግሞ በተባለችው መንገድ ሠርታ ኤክስ ተደርጎባታል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» አባትየው የልጃቸውን ሥራም ገልብጠው ልከዋል። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን «ለምን» የሚለው ይቅደም፤ ስህተቷም የመጣው ከዚያው ነውና።

ልጅዎ ኤክስ የምትለውን ያልታወቀ ቁጥር እኔ «ወ» እላለሁ፤ ወርድ ለማለት ነው፤ ነገሩን በቦታ ስለማስረዳ ይቀለናል።

እነዚህን ሁለት እኩልታዎች ይመልከቱ፦

(ወ + 3)² = 169

ወ² + 6ወ = 160

የመጀመሪያውን ምንም ፎርሙላ ሳይማሩ መፍታት ይችላሉ። አንድ ቁጥር ላይ 3 ተደመረ፣ ድምሩ በራሱ ተባዛ፣ 169 ሆነ። በራሱ ተባዝቶ 169 የሚሰጠው 13 ነው፤ ከ13 ላይ 3 ሲነሳ 10። አለቀ። ሁለተኛው ግን እጅ አይሰጥም። 6ወን ወደ ቀኝ ቢያሻግሩት ያልታወቀው ቁጥር በሁለቱም በኩል ይቀመጣል። በወ ቢያካፍሉ ቀኝ በኩል 160 ሲካፈል ለወ የሚባል ነገር ይፈጠራል። ስኩዌር ሩት ልውሰድ ቢሉ 6ወ መንገድ ይዘጋል። ችግሩ የቁጥሮቹ ትልቅነት አይደለም። ያልታወቀው ቁጥር ሁለት ቦታ መቀመጡ ነው፤ አንድ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ብቻውን።

የሚገርመው ሁለቱ እኩልታዎች አንድ ናቸው። የላይኛውን ቅንፍ ቢያባዙት ወ² + 6ወ + 9 = 169 ይሆናል፤ ከሁለቱም በኩል 9 ቢቀንሱ የታችኛው ይወጣል። ካሬ ማሟላት ማለት እንግዲህ ከታችኛው ተነስቶ ወደ ላይኛው መመለስ ነው፤ ሁለት ቦታ የተበተነውን ወ አንድ ቅንፍ ውስጥ መሰብሰብ። ሌላ ዓላማ የለውም። ልጅዎ በየመስመሩ «አሁን ወ ስንት ቦታ ላይ ነው ያለው?» ብላ ራሷን ብትጠይቅ የምትሄድበትን አትስትም።

አሁን ወደ ግማሹ። ርዝመቱ ከወርዱ በ6 ሜትር የሚበልጥ፣ ስፋቱ 160 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ አለ እንበል። ወርዱ ወ ከሆነ ርዝመቱ ወ + 6 ነው፤ ስፋቱ ወ(ወ + 6)፣ ማለትም ወ² + 6ወ። ወረቀት ላይ ይሳሉት። ግራ በኩል አራቱም ጎኖቹ ወ የሆኑ ካሬ አለ፤ እሱ ወ² ነው። ከጎኑ በቀኝ በኩል ወርዱ 6፣ ቁመቱ ወ የሆነ ሬክታንግል ተለጥፏል፤ እሱ 6ወ ነው። ሁለቱ ተደምረው 160።

ይህን ቦታ፣ ስፋቱን ሳንነካ፣ በተቻለ መጠን ካሬ እናስመስለው። በቀኝ የተለጠፈው ቁራጭ ባለበት ከተቀመጠ ቦታው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደረዘመ ይቀራል። ስለዚህ ቁራጩን በቁመቱ ለሁለት እንቁረጠው፤ እያንዳንዱ 3 በወ ይሆናል። አንዱን በቀኝ እንተወው፣ ሌላውን አዙረን ከካሬው ሥር እንለጥፈው። አሁን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል 3፣ 3 ጨመርን፤ ጎኑ በሁለቱም በኩል ወ + 3 ሆነ። ለሁለት የተካፈለው ለዚህ ነው። ካሬ በሁለት አቅጣጫ እኩል ካላደገ ካሬ ሆኖ አይቀጥልምና ትርፉ ለሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል መከፋፈል አለበት።

ሥዕሉን ግን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት። ከታች በቀኝ በኩል ያለው ማዕዘን ጎድሏል። በቀኝ የተለጠፈው እዚያ አይደርስም፣ ከሥር የተለጠፈውም አይደርስም። የጎደለው ማዕዘን 3 በ3 ነው፤ 9 ካሬ ሜትር። «በራሱ አባዙ» የሚለው ትእዛዝ የዚህን ማዕዘን ስፋት ማስላት ነው። 9ኙን ስንጨምር ካሬው ይሟላል፤ 160 የነበረው 169 ይሆናል፤ (ወ + 3)² = 169። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 16።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ልጆች ትእዛዙን ቃል በቃል ይሸመድዱታል እንጂ ሥዕሉን አንድም ቀን ሳያዩት ያልፋሉ። በእኔ እምነት ይህ ምዕራፍ ያለ ሥዕል መሰጠት የለበትም። የሚፈጀው አንድ ገጽና አንድ እርሳስ ነው።

169 ስኩዌር ሩቱ 13 ብቻ አይደለም፤ −13ም በራሱ ሲባዛ 169 ነው። ስለዚህ ወ + 3 = −13 የሚለውም ይሠራል፤ ወ = −16። ለቦታው ትርጉም የለውም፤ ወርዱ ከዜሮ በታች የሆነ ቦታ የለም። ለእኩልታው ግን ከ10 እኩል ትክክለኛ መፍትሔ ነው፤ −16 ላይ 6 ሲደመር −10፣ −16 በ−10 ሲባዛ 160። ልጅዎ ጥያቄው ስለ ቦታ ወይም ስለ ሰው ዕድሜ ከሆነ አንዱን ምክንያቱን ጽፋ ትጣል፤ «እኩልታውን ፍቺ» ብቻ ከተባለች ሁለቱንም ታስቀምጥ። በፈተና ላይ ነጥብ በብዛት የሚባክነው ይህች ± (ድምርም ቅናሽም የምትለው ምልክት) ስትረሳ ነው።

ይህ ሥዕል የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኸሊፋ አል-ማእሙን ዘመን ባግዳድ ይሠራ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም በወጣለት መጽሐፉ፣ ወ² + 10ወ = 39 የሚለውን የፈታው እንዲህ ነው። 10ሩን ከፍሎ በካሬው ጎኖች ላይ ለጠፈ፣ ማዕዘን ላይ የጎደለውን 25 ጨመረ፣ 64 አገኘ፣ ስኩዌር ሩቱ 8፣ ከ8 ላይ 5 ሲነሳ 3። −13ን አላነሳውም፤ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር በእሱ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህም ዛሬ በአንድ መልክ የምንጽፈውን እኩልታ በስድስት ዓይነት ከፍሎ ለእያንዳንዱ መንገድ ማስቀመጥ ግድ ሆኖበታል። ከእሱ ከ2,000 ዓመት በላይ ቀደም ብሎም በባቢሎን የሸክላ ሰሌዳ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተጽፏል። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ሰሌዳ የካሬን ስፋትና ጎኑን ደምሬ ሦስት አራተኛ አገኘሁ ብሎ ይጀምርና፣ 1ን ለሁለት ይከፍላል፣ ግማሹን በራሱ ያባዛል፣ አንድ አራተኛውን ይጨምራል፣ 1 ያገኛል፤ ከ1 ላይ ግማሽ ቀንሶ የካሬው ጎን ግማሽ ነው ይላል። ልጅዎ ከምትሠራው ጋር ደረጃ በደረጃ አንድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ቦታ ላይ እንቁም፤ የመሃሉ ቁጥር ቅናሽ ሲሆን። ለምሳሌ፦

ወ² − 8ወ + 3 = 0

3ን ማሻገር ነው፤ ወ² − 8ወ = −3። የ8 ግማሽ 4፣ 4 በራሱ 16፣ በሁለቱም በኩል ይደመራል፦ (ወ − 4)² = 13። እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ «ምልክቱ ቅናሽ ሆኖ ሳለ ለምን 16ን እንደምራለን?» ይላል። «ቅናሽ በቅናሽ ሲባዛ ድምር ስለሚሆን» የሚለው መልስ ትክክል ነው፣ ግን አያጠግብም። ሥዕሉ ያጠግባል። ጎኑ ወ ከሆነ ካሬ ላይ በቀኝ በኩል ወርዱ 4 የሆነ ቁራጭ ይቀነስ፤ ከሥርም ወርዱ 4 የሆነ ቁራጭ ይቀነስ። እያንዳንዱ 4ወ ነው፣ ሁለቱ 8ወ። ነገር ግን ሁለቱ ቁራጮች ማዕዘኑ ላይ ይደራረባሉ፤ 4 በ4 የሆነችው ማዕዘን ሁለት ጊዜ ተቀንሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር መቀነስ የነበረባት፤ ስለዚህ 16ቱ ይመለሳል። በመጀመሪያው ምሳሌ ማዕዘኑ ጎድሎ ነበርና ጨመርነው፣ እዚህ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ነበርና መለስነው። በሁለቱም ድምር ነው።

የዚህ መልስ ወ = 4 + √13 እና ወ = 4 − √13 ነው፤ ወደ 7.61 እና 0.39 ይጠጋሉ። ይህን እኩልታ «ተባዝተው 3፣ ተደምረው −8 የሚሰጡ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች» እያሉ ቢፈልጉ ቀኑን ሙሉ አያገኙም። ፋክተር ማድረግ ዕድል ይጠይቃል፤ ካሬ ማሟላት ዕድል አይጠይቅም።

ወደ ልጅዎ ሥራ። የላኩልኝ ይህ ነው፦

2ወ² + 12ወ − 14 = 0

2(ወ² + 6ወ) = 14

2(ወ² + 6ወ + 9) = 14 + 9

2(ወ + 3)² = 23

ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ግማሹን በትክክል ወስዳለች፣ በራሱም በትክክል አባዝታለች፣ «በሁለቱም በኩል ደምሩ» የተባለችውንም በሐቅ ፈጽማለች። የተሳሳተችው ትእዛዙን ስላልተከተለች ሳይሆን ስለተከተለችው ነው። ግራ በኩል ያለው 9 ቅንፍ ውስጥ ነው፤ ከቅንፉ ውጪ 2 ቆሞ ይጠብቀዋል። እውነት የጨመረችው 2 በ9፣ ማለትም 18 ነው። በቦታ ካሰብነው ሁለት ተመሳሳይ ቦታዎች አሉ፣ የሁለቱም ማዕዘን ጎድሏል፣ ሁለት ማዕዘን ሞልታ የአንዱን ብቻ ሒሳብ ነው ያስመዘገበችው። ሲስተካከል፦

2(ወ + 3)² = 14 + 18 = 32

(ወ + 3)² = 16

ወ + 3 = 4 ወይም ወ + 3 = −4

ወ = 1 ወይም ወ = −7

እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ለመሸሽ ቀላሉ መንገድ መጀመሪያውኑ ሁሉንም በ2 አካፍሎ ወ² + 6ወ − 7 = 0 ማድረግ ነው። 9ኛ ክፍል ላለች ልጅ ይህንኑ እመክራለሁ። ወደ ፊት ግን የፓራቦላ ግራፍ ስትሠራ 2ቱን መጣል አይፈቀድላትም፤ እኩልታ ስላልሆነ የሚካፈልበት ሌላ ወገን የለም። ያኔ ይቺ 18 ተመልሳ ትመጣለች።

በፊተኛው ቁጥር ማካፈል የራሱ ጣጣ አለው፤ ክፍልፋይ። 2ወ² + 5ወ − 3 = 0 የሚለውን በ2 ሲያካፍሉት የመሃሉ 5/2፣ ግማሹ 5/4፣ በራሱ 25/16 ይሆናል፤ ከዚያ 3/2 ወደ 24/16 ተለውጦ ይደመራል። ትክክል ነው፣ ግን ልጆች እዚህ ላይ ይታክታሉ። ሽሪድሃራ የሚባል የህንድ የሒሳብ ሊቅ ክፍልፋዩን ከነጭራሹ የሚያስቀር ዘዴ ነበረው፤ የእሱ የአልጀብራ መጽሐፍ ቢጠፋም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ብሃስካራ ጠቅሶ አቆይቶልናል። ማካፈሉን ትተን በ4 እና በፊተኛው ቁጥር እናባዛ፤ እዚህ 4 በ2፣ 8፦

16ወ² + 40ወ = 24

አሁን የመጀመሪያውን የመሃል ቁጥር፣ 5ን፣ በራሱ አባዝተን እንደምር፦

16ወ² + 40ወ + 25 = 49

(4ወ + 5)² = 49

4ወ + 5 = 7 ወይም −7፤ ስለዚህ ወ = 1/2 ወይም −3። ክፍልፋይ የታየው መጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው። በ4 የተባዛው በከንቱ አይደለም። በፊተኛው ቁጥር ማባዛቱ የመጀመሪያውን ሙሉ ካሬ ያደርገዋል፤ 4ቱ ደግሞ የመሃሉ ቁጥር ሁልጊዜ ያለ ክፍልፋይ ለሁለት እንዲከፈል ያደርጋል፣ ራሱም ካሬ ስለሆነ ምንም አያበላሽም።

«ፎርሙላው እያለ ለምን?» ያሉት እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ከቁጥሮቹ ይልቅ ሀ፣ ለ፣ ሐ እናድርግ፦ ሀወ² + ለወ + ሐ = 0፣ ሀ ዜሮ ሳይሆን። በ4ሀ አባዝተን ሐን እናሻግር፣ ለ²ን እንደምር፦

4ሀ²ወ² + 4ሀለወ + ለ² = ለ² − 4ሀሐ

(2ሀወ + ለ)² = ለ² − 4ሀሐ

2ሀወ + ለ = ±√(ለ² − 4ሀሐ)

ለን አሻግረው በ2ሀ ቢያካፍሉ ልጅዎ የሸመደደችው ፎርሙላ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ፎርሙላው ሌላ መንገድ አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ በፊደል ካሬውን አሟልቶ ለሁላችንም ያስቀመጠው ነው። ከሩቱ ሥር ያለው ለ² − 4ሀሐ ደግሞ የተሟላው ካሬ ስፋት ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን መፍትሔ የለም የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ስፋቱ ከዜሮ በታች የሆነ ካሬ የለምና። ለምሳሌ ወ² + 4ወ + 13 = 0 ሲሟላ (ወ + 2)² = −9 ይሆናል። ሲሟላ ሌላም ነገር ይታያል፤ ግራው (ወ + 2)² + 9 ስለሆነ ወ ምንም ቢሆን ዋጋው ከ9 በታች አይወርድም፣ ትንሹ ዋጋው ራሱ 9 ነው፣ የሚገኘውም ወ −2 ሲሆን ነው። ፎርሙላው መፍትሔ እንደሌለ ብቻ ይነግራታል፤ ይሄኛው ከዜሮ ምን ያህል እንደራቀም ይነግራታል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ወደ መጀመሪያው ቦታችን ሲመለሱ የሚታየው ነው። 10 በ16 የሆነው ቦታ አጥሩ 52 ሜትር ነው። ያሟላነው ካሬ 13 በ13 ነው፤ የእሱም አጥር 52 ሜትር ነው። ተመሳሳይ ሽቦ፣ ግን አንዱ 160፣ ሌላው 169 ካሬ ሜትር ያጥራል። የጎደለችው ማዕዘን፣ 9 ካሬ ሜትሯ፣ ቦታው ካሬ ባለመሆኑ የከሰረው ናት። 52 ሜትር ሽቦ ያለው ሰው ወርዱን ወ ቢያደርግ ርዝመቱ 26 − ወ ነው፤ ስፋቱም ካሬው ሲሟላ 169 − (ወ − 13)² ይሆናል። የሚቀነሰው ነገር ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ከ169 የሚበልጥ ቦታ በዚህ ሽቦ ሊታጠር አይችልም፤ 169ም የሚገኘው ወ 13 ሲሆን ብቻ ነው። ካልኩለስ ሳይነካ ትልቁን ዋጋ አገኘን። ከፍ ባሉ ክፍሎች የክብ እኩልታ ተሰጥቶ መሃሉንና ሬዲየሱን አግኙ ሲባልም የሚሠራው ይኸው ነው፣ ሁለት ጊዜ።

የትኛውን መቼ ለሚለው የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ ዓይን ላይ ካሉ፣ ለምሳሌ ወ² − 5ወ + 6 = 0፣ ፋክተር አድርጋ ትለፍ፤ እዚህ ካሬ ማሟላት ጊዜ ማባከን ነው። ፊተኛው 1፣ የመሃሉ ያለ ቀሪ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ከሆነ ካሬ ማሟላት ከፎርሙላው ይፈጥናል። ቁጥሮቹ አስቀያሚ ከሆኑና ሰዓት ከጠበበ ፎርሙላው። «ካሬ በማሟላት ፍቺ» ተብላ ከተጠየቀች ግን መልሱ ትክክል ቢሆንም በፎርሙላ ብትሠራው ሙሉ ነጥብ አትጠብቅ።

ሥራዋን ስትጨርስ የምታረጋግጥበት አጭር መንገድም አለ። ሁለቱ መፍትሔዎች ቅንፉን ዜሮ ከሚያደርገው ቁጥር በግራና በቀኝ እኩል ይርቃሉ። በወ + 3 ላይ ያ ቁጥር −3 ነው፤ 10 ከእሱ በ13 ይርቃል፣ −16ም በ13 ይርቃል። በቤት ሥራዋ 1ም −7ም ከ−3 በ4 ይርቃሉ። ይህ ርቀቱ እኩል መሆኑን ብቻ ያሳያል፤ እሷ በ23 ጨርሳ ቢሆንም ርቀቱ እኩል ይሆን ነበር። ስለዚህ አንዱን መልስ መጀመሪያው እኩልታ ላይ ተክታ ትየው፦ 2 በ1 ካሬ 2፣ 12 በ1 12፣ ድምሩ 14፣ 14 ሲቀነስ 0።